መልካም መዓዛ በደጃፍ፦ ስለ ባለ መዓዛ አትክልቶች አመራረጥና አያያዝ

እንግዳ ወደ አንድ ቤት ሲመጣ፣ የባለቤቱን ፊት ከማየቱ አስቀድሞ የሚቀበለው የደጃፉ ሽታ ነው። ሽታው መልካም የሆነ እንደ ሆነ ልቡ ደስ ይለዋል፤ ክፉ የሆነ እንደ ሆነ ግን በአፉ ባይናገረውም በልቡ ይዞት ይገባል። እናቶቻችን በበዓል ቀን ቄጤማ የሚጎዘጉዙት፣ ቡና ሲያፈሉ ዕጣን የሚያጤሱት፣ ከደጃፋቸውም አጠገብ ጤና አዳምና በሶብላ የሚተክሉት ይህንን ስለሚያውቁ ነው። ልማዱ የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም መልካም ልማድ ሁሉ ከዕውቀት ጋር ካልተባበረ ጥቅሙ ጎዶሎ ይሆናል።

በአሁኑ ዘመን በከተማ የሚኖረው ሕዝብ እየበዛ ሲሄድ ሰፊ ጓሮ ያለው ሰው እያነሰ ሄዷል። ስለዚህ ብዙው ቤተሰብ የሚተክለው በሸክላ ማሰሮ፣ በእንጨት ሣጥን፣ በአሮጌ ባልዲ ወይም ከግድግዳ ጋር ተያይዞ በተሠራ ጠባብ መደብ ላይ ነው። እንዲህ ያለው መትከያ ከመኝታ ቤቱ መስኮትና ከወጥ ቤቱ በር ጥቂት እርምጃ እንኳ ሳይርቅ ስለሚቀመጥ፣ በውስጡ የሚበቅለው፣ የሚጠራቀመውና የሚራባው ነገር ሁሉ የቤተሰቡ ጎረቤት ነው ለማለት ይቻላል። ጎረቤትን አስቀድሞ መምረጥ ደግሞ ብልኅነት ነው። በዚህ ጽሑፍ የትኞቹ ባለ መዓዛ አትክልቶች ለቤት አጠገብ እንደሚስማሙ፣ የትኞቹ እንደማይስማሙ፣ አያያዛቸውም እንዴት እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እንገልጻለን። የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊው የሠራው ስሕተት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ትምህርቴን በውጭ አገር ፈጽሜ እንደ ተመለስኩ፣ በአንድ ቆላማ ከተማ ቤት ለቤት እየዞርኩ የመኖሪያ ንጽሕናን እንድመረምር ታዝዤ ነበር። አንድ ቀን በዕድሜ ከገፉ እናት ቤት ደረስኩ። ከደጃፋቸው ግራና ቀኝ በስድስት መትከያዎች በሶብላና ጠጅ ሣር ተክለው፣ መዓዛው ከመንገዱ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ከዕውቀቴ ይልቅ ችኮላዬ ይበልጥ ስለ ነበር፣ «እማማ፣ ይህ ሁሉ ቁጥቋጦ የትንኝ መደበቂያ ነውና ያንሡት» አልኳቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ ትንኙን የሚያባርርልኝ እኮ ይኸው ሽታው ነው» ሲሉ መለሱልኝ። ነገር ግን ሰው አክባሪ ስለ ነበሩ፣ የመንግሥት ሰው ቃል ነው ብለው አትክልቱን ሁሉ ነቀሉት።

ከአንድ ወር በኋላ ስመለስ የልጅ ልጃቸው በትኩሳት ተይዛ ተኝታ አገኘኋት። ደሟ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። ደጃፉ ባዶ ነበር፤ ትንኙ ግን አልቀነሰም። ከዚያ በኋላ ነው ልፈልግ የሚገባኝን ነገር የፈለግሁት። አትክልቱ ሲነቀል ከሥሩ የነበሩት የውሃ መቀበያ ሳሕኖች ከቤቱ ጀርባ ተደራርበው ተጥለዋል፤ ዝናብ ሞልቷቸዋል፤ በውስጣቸውም የትንኝ እጮች ይርመሰመሳሉ። አጠገባቸው ያለው ክዳን የሌለው የውሃ በርሜልም እንዲሁ ነበር። እኔ የከሰስኩት ቅጠሉን ነበር፤ ጥፋተኛው ግን ውሃው ነው። እውነት ነው፣ ያደገች ትንኝ በቅጠል ጥላ ሥር ታርፋለች፤ ነገር ግን ያለ ውሃ ልትራባ አትችልም።

ልጅቱ በጊዜው መድኃኒት ስላገኘች ዳነች። እኔም እማማን ይቅርታ ጠይቄ፣ ሳሕኖቹን ደፍተን፣ በርሜሉን ከድነን፣ በሶብላውን እንደ ገና አብረን ተከልነው። ያን ዕለት የተናገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ልጄ፣ አንተም ሽታውን አምተህ፣ እኔም ሽታውን አምኜ፣ ሁለታችንም ውሃውን ሳናየው ቀረን» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ትምህርት ፍሬ ነው።

ሽታና በሽታ

በቋንቋችን «ሽታ» እና «በሽታ» የሚሉት ቃላት በድምፅ ይቀራረባሉ። በአሳብም ብዙ ሕዝቦች ሁለቱን ሲያዛምዱ ኖረዋል። የአውሮፓ ሊቃውንት ለብዙ ምዕተ ዓመታት በሽታ የሚመጣው ከክፉ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ «ማላሪያ» የሚለውም ስም በኢጣልያንኛ «ክፉ አየር» ማለት ነው። በ17ኛው ምዕተ ዓመት የወረርሽኝ ሐኪሞች እንደ ወፍ አፍ በረዘመ ጭምብል ውስጥ ባለ መዓዛ ቅጠል ጠቅጥቀው፣ በሽተኛን የሚጎበኙት በዚሁ እምነት ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመትም ሮም አጠገብ በሚገኘው በትሬ ፎንታኔ ገዳም የነበሩ መነኮሳት ወባን ያርቅልናል ብለው ብዙ ባሕር ዛፍ ተክለዋል።

ይህን እምነት የሻረው ምርምር ነው። በ1880 ላቬራን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በአልጄርያ የወባን ተውሳክ በሰው ደም ውስጥ አየ። በ1897 ደግሞ ሮናልድ ሮስ በህንድ አገር ተውሳኩን በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ክፉ ሽታ ራሱ በሽታ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የቆሻሻ መኖር ምልክት እንደ ሆነ ታወቀ።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ መልካም መዓዛ ቆሻሻን ሊሸፍን እንጂ ሊያጠፋ አይችልም። መጸዳጃ ቤቱ ሳይጸዳ ከጎኑ ጽጌረዳ መትከል፣ ቁስልን ሳያጥቡ በሐር ጨርቅ እንደ መጠቅለል ነው። ሁለተኛው፣ በመትከያ ላይ የቆመ ሕያው ተክል በሽታው ብቻ ትንኝን አያባርርም። የአንዳንድ ቅጠሎች ዘይት ተጨምቆ ሲወጣ ትንኝን ለአጭር ጊዜ ሊያርቅ መቻሉ እውነት ነው፤ ቅጠሉ በቦታው ሲቆም ግን ያን ያህል ዘይት ወደ አየር አይለቅም። ስለዚህ በሶብላ በደጃፍ አለ ተብሎ አጎበር ከአልጋ ላይ አይነሣም።

ሥፍራን ማወቅ

ባለ መዓዛ አትክልት በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በቅጠሉ፣ ሌላው በአበባው የሚሸት ነው። በቅጠሉ የሚሸተው ዘይቱን በጥቃቅን ዕጢዎች ውስጥ ይዞ ስለሚቆይ፣ ሲነካ ወይም ፀሐይ ሲያሞቀው መዓዛውን ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ተክል ሰው ሲያልፍ የቀሚስ ጫፍ በሚነካው መተላለፊያ ዳር ወይም እጅ በሚደርስበት በወጥ ቤት በር አጠገብ ማስቀመጥ ይገባል። በአበባው የሚሸተው ግን ሳይነኩት መዓዛውን ስለሚበትን፣ ከመቀመጫ ሥፍራ ፈንጠር ብሎ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ቢቆም ይሻላል።

አብዛኞቹ ባለ መዓዛ ቅጠሎች በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ይወድዳሉ። ፍግና ውሃ ሲበዛላቸው ቅጠላቸው ይሰፋል፤ መዓዛቸው ግን ይደክማል። በዚህ ረገድ ከልክ በላይ መንከባከብ እንደ ቸልታ ሁሉ ይጎዳል።

መትከያው መስኮቱን እንዳይጋርድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብርሃንና ንጹሕ አየር ወደ ቤት መግባታቸው እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያሉትን በትንፋሽ የሚተላለፉ በሽታዎች ለመከላከል ይረዳልና፣ ቁመቱ ከመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ የማያልፍ ተክል ይመረጥ።

ለምርጫ የሚቀርቡ አትክልቶች

*ጤና አዳም።* በቡና ውስጥ የሚጨመር፣ ለአይብና ለበርበሬም ጣዕም የሚሰጥ፣ ብዙ ውሃ የማይፈልግ ተክል ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለው። ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ቃጠሎ ያለ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሊያወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ከቆረጡት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል። እንዲሁም ማሕፀንን የሚያነቃቃ ኃይል ስላለው እርጉዝ ሴት እንደ መድኃኒት አፍልታ ልትጠጣው አይገባም።

*በሶብላ።* ፀሐይና ሙቀት ይወድዳል፤ በውርጭ ይሞታል። ከዘር በቀላሉ ይበቅላል። አበባው ብቅ ሲል ጫፉን ቢቀነጥቡት ቅጠሉ ይበዛል። ደርቆ ለሽሮና ለበርበሬ ስለሚውል ከሽታው ሌላ ለወጥ ቤትም ጥቅም አለው።

*ጠጅ ሣር።* የሎሚ መዓዛ ያለው፣ በበዓል ገበያ በነዶ የሚሸጥ ሣር ነው። ቁመቱ ከ1 ሜትር ሊበልጥ ስለሚችል ሰፊ መትከያ ይፈልጋል። የቅጠሉ ጠርዝ ስለታም ስለ ሆነ ሕፃናት ከሚሮጡበት ሥፍራ ቢርቅ መልካም ነው። ሲበዛ ከነሥሩ ከፍሎ ለጎረቤት ማካፈል ይቻላል።

*ጦስኝ።* በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅል፣ በሌላ አገር በተፈጥሮ የማይገኝ የአገራችን ሀብት ነው። አጭርና ወደ ጎን የሚንሰራፋ ስለ ሆነ ለመትከያ ጠርዝ ይስማማል። አሸዋማ አፈር፣ ብርድና ፀሐይ ይወድዳል፤ ውሃ ሲጠራቀምበት ሥሩ ይበሰብሳል። ለሻይ ይሆናል።

*የጥብስ ቅጠል።* ሮዝመሪ የሚባለው ይኸው ነው። ከሜዲቴራንያን ባሕር ዳርቻ የመጣ ሲሆን ድርቅን ስለሚችል፣ ሥራ ለሚበዛበት ቤተሰብ ከሁሉ የሚቀለው ነው። ከቅርንጫፉ ጣት በሚያህል ርዝመት ቆርጠው ቢተክሉት ይጸድቃል።

*ናና።* ጥቂት ጥላን ይችላል፤ ርጥበትም ይወድዳል። ሥሩ ግን እንደ ወራሪ ስለሚሮጥ ብቻውን በአንድ ማሰሮ መትከል እንጂ ከሌላው ጋር መቀላቀል አይገባም።

*ኮሰረት።* ለቅቤ ማንጠሪያና ለክትፎ የሚሆን፣ መዓዛው ጽኑ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። ቁመቱ ከሰው ሊበልጥ ስለሚችል በየጊዜው መከርከም ያስፈልገዋል።

*አሪቲ።* ብርማ ቅጠሉ ለዓይን፣ ሽታውም ለአፍንጫ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ለወባ ፈውስ ነው ብሎ አፍልቶ መጠጣት አደገኛ ስሕተት ነው። ቱ ዮዩ የተባሉት ቻይናዊት ተመራማሪ በ1972 ያገኙትና በ2015 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት አርቴሚሲኒን የተባለው የወባ መድኃኒት የወጣው ከአሪቲ ሳይሆን ከዘመዱ ከሌላ ተክል ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ጤና ድርጅት ሄዶ ደሙን ይመርመር።

አትክልቶቹን በአንድ መትከያ ሲያሰባስቡ የውሃ ፍላጎታቸው እንዲመሳሰል ማድረግ ዋናው ብልኃት ነው። ጤና አዳም፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠልና አሪቲ ድርቅ ወዳዶች ስለ ሆኑ በአንድነት ይኖራሉ። በሶብላና ጠጅ ሣር ደግሞ ብዙ ውሃ ስለሚፈልጉ ለብቻቸው ይተከሉ። ለምሳሌ ርዝመቱ 1 ሜትር በሆነ ሣጥን፣ ከኋላ አንድ የጥብስ ቅጠል፣ ከመካከል ሁለት ጤና አዳም፣ ከፊት ጠርዝ ጦስኝ ቢተከል ደጋ ላይ ላለ ቤት ይበቃል።

ከደጃፍ መራቅ የሚገባቸው

ሽታው መልካም የሆነ ሁሉ ባሕርዩ መልካም አይደለም። እንደ መለከት ወደ ታች የሚንጠለጠል ትልቅ ነጭ ወይም ቢጫ አበባ ያለው፣ በተለይ በማታ ጊዜ መዓዛው የሚበረታ ዛፍ በብዙ ግቢዎች ይታያል። ይህ ተክል የዕፀ ፋርስ ዘመድ ሲሆን፣ ቅጠሉም አበባውም ዘሩም አእምሮን የሚያናውጥና ልብን የሚያስደነግጥ መርዝ አለው። ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደርም አበባው ያማረ ይሁን እንጂ፣ ከሥሩ እስከ ቅጠሉ ልብን የሚጎዳ መርዝ ነው። ሕፃናት ያሉበት ቤት ሁለቱንም ከእጅ ያርቅ። ሕፃን እንዲህ ያለውን ነገር የበላ እንደ ሆነ፣ በግድ እንዲያስመልስ ሳያደርጉ፣ ከቅጠሉ ቁራጭ ይዘው ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

አስም ያለበት ሰው በሚተኛበት መስኮት ሥርም ሽታው የበረታ አበባ አይተከል፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ሳይነኩት የማይሸት ባለ ቅጠል ተክል ይሻላል።

ስለ መትከያውና ስለ አፈሩ

የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ቀለም ወይም የባትሪ አሲድ የነበረበትን ዕቃ ምንም ቢያጥቡት ለሚበላ ቅጠል መትከያ ማድረግ ክልክል ነው። ሸክላና ያልተቀባ እንጨት ይመረጣሉ። ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ከሥሩ አራት ወይም አምስት ቀዳዳ ይኑረው። መትከያውን በጡብ ላይ ከፍ አድርጎ፣ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር አርቆ ማስቀመጥ፣ የጭቃውን ግድግዳ ከርጥበት ያድናል፤ አይጥም ከሥሩ እንዳይደበቅ ለመጥረግ ያመቻል።

ለአፈሩ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በሚገባ የበሰበሰ ፍግ መደባለቅ ይበቃል። ትኩስ ፋንድያና እበት ግን የዝንብ መፈልፈያ ስለ ሆነ ከቤት አጠገብ አይደረግ። በአፈርና በፍግ ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ዘር ሊኖር ይችላልና፣ እጁ የቆሰለ ሰው አፈር አይንካ፤ ከነካም ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ይጠብ፤ ክትባቱንም በጊዜው ይውሰድ። የሚበላ ቅጠል በፍሳሽ ቆሻሻ ውሃ አይጠጣ፤ ከመበላቱም በፊት በንጹሕ ውሃ ይታጠብ።

ስለ ውሃው

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደርሰናል። በ1958 በኢትዮጵያ ከፍተኛ ሥፍራዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። ከ1960 እስከ 1962 ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንዳጠፋ ይገመታል፤ በሽታውን ካስተላለፉት ትንኞች አንዷ እንሰትን በመሰሉ አትክልቶች ላይ፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ሥፍራ በምትጠራቀመው ጥቂት ውሃ የምትራባ ነበረች። እንግዲህ አንድ ጭልፋ ውሃ የምን ያህል ሐዘን ምንጭ ልትሆን እንደምትችል ከዚህ ማስተዋል ይቻላል።

በዘመናችን ነገሩ ወደ ከተማ ቀርቧል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት መሆኗ ታውቋል። ይህች ትንኝ ረግረግ ሳትፈልግ በበርሜል፣ በገንዳና ሰው በሠራው የውሃ ዕቃ ትራባለች። በዚያችው ከተማ በ2013 የታየውን የደንጊ ትኩሳትና በ2019 የታየውን ቺኩንጉንያ የምታስተላልፈዋ ኤዴስ የተባለችው ትንኝም እንዲሁ ናት። የአበባ ማሰሮ ሳሕን ለእንዲህ ያሉት ትንኞች የተመቸ ቤት ነው።

በሞቃት አገር የትንኝ ዕንቁላል አድጎ ክንፍ እስኪያወጣ ከአንድ ሳምንት ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ዘወትር ቅዳሜ ጧት፣ ቤተሰቡ ይህን ይፈጽም፦

1ኛ/ ከመትከያ ሥር ያለውን ሳሕን ሁሉ ይድፋ፤ ውሃውንም በደረቅ መሬት ላይ እንጂ በቦይ ውስጥ አያፍስስ።

2ኛ/ ሳሕኑን በብሩሽ ይፈግፍግ። የኤዴስ ዕንቁላል ከዕቃው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ለወራት በድርቅ ሊቆይ ስለሚችል መድፋት ብቻ አይበቃም።

3ኛ/ ሳሕኑን እስከ አፉ አሸዋ ይሙላ፤ ወይም ጨርሶ ያንሣው።

4ኛ/ የውሃ በርሜልና ጋን ሁሉ በሚገባ ይከደን፤ ባዶ ጣሳና የተሰበረ ዕቃ ይወገድ።

ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት የበለጠ ጊዜ አይፈጅም፤ ሕፃናትም ሊማሩበት የሚችሉ ሥራ ነው።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ደጃፋችሁን በመልካም መዓዛ አስጊጡ ስንል፣ ከመዓዛው አስቀድማችሁ ወደ ሳሕኑ ተመልከቱ ማለታችን ነው። አባቶቻችን «ከታመሙ በኋላ ከመማቀቅ፣ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ያሉት የማይሻር ምክር ነው። የእማማ በሶብላ ዛሬም በደጃፋቸው ቆሟል፤ ከሥሩ ያለው ሳሕን ግን በአሸዋ የተሞላ ነው። የልጅ ልጃቸውም ቅዳሜ ጧት ውሃውን የምትደፋው እርሷ ናት።